የታችኛው እጀታ

እሁድ፣ ሰኔ 12

ጻፊ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው ልጄ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እሁድ ሥራ የላትም፣ በሌላው ቀን ወደ ሱቋ ስትሄድ በእኔ በኩል ብቅ ትላለች። ሳታሳምር፣ ሳትቀንስ ጻፊ ብያታለሁ። አሁን እየሳቀች ነው። ሳቋንም ጻፊው።

የማስጽፈው የጸሎት ቤታችን ሰባኪ ስላዘዘኝ ነው። "ስለ እምነትህ የደረሰብህን መከራ አስጽፈው፤ ለጉባኤው ይነበባል፣ ሰው ይበረታበታል" አለኝ።

ነገሩ ይሄ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ግንድ ሰንጣቂዎች ነን፤ አርባ ሦስት ዓመት በአንድ መጋዝ። ማሽን ውስጥ የማይገባ ትልቅ ግንድ እኛ ጋ ይመጣል። ግንዱን ጉድጓድ ላይ እናጋድመዋለን። አንዱ ግንዱ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል። መጋዙ የሰው ቁመት ያህላል፤ ላይም ታችም እጀታ አለው። ታች ያለው ይስባል፣ ላይ ያለው ያነሳል፣ መስመር ይጠብቃል። እኔ ታላቅ ስለሆንኩ ላይ ነኝ። እሱ ታች ነው፤ ሰጋቱራው ሁሉ የሚወርደው እሱ ላይ ነው። እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው፣ ማንም አላጉረመረመም። አንድ አመል ብቻ አለው፤ ከጉድጓዱ ውስጥ "ጋሼ፣ አትግፋ! ምላጩ ይጎብጣል፣ አትግፋ!" ይላል። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ። ለእኔ መጋዝ ሊያስተምረኝ!

ጌታን ካመንኩ አራት ዓመቴ ነው። ወንድሜ አላመነም። ድሮ ይቀልድ ነበር እንጂ አይከፋም፤ "ጋሼ፣ እግረ መንገድህን ለወገቤም ጸልይልኝ" ይለኝ ነበር። አንድያ ልጁ ከሞተ ወዲህ ነው የተለወጠው። ልጁ ሆዱን አሞት ሆስፒታል ገባ፣ በአራተኛው ቀን ሞተ። ይኸው ሦስት ሳምንቱ።

በተቀበረ ማግስት ወንድሜ ወደ መሰንጠቂያ ግቢያችን መጣ። የላይኛው እጀታ በብሎን፣ የታችኛው በሽብልቅ ነው የሚያዘው፤ ሽብልቁን መታ መታ አድርጎ እጀታውን አወለቀና በብብቱ ይዞት ሄደ። ጉድጓዱ ላይ ያለው ግንድ እስከ ግማሽ የተሰነጠቀ ነው። የልጁ ግንድ ነው፤ ለሚሠራው ቤት በር ሊሆን። ልጁ ወደቀ ብለው ሲጠሩን ጥለነው ሮጥን፣ መጋዙ እንጨቱ ውስጥ እንደተነከሰ ቀረ።

"ከአንተ ጋር ሁለተኛ መጋዝ አልይዝም" አለኝ። "ክረምቱ ሳያልቅ የግቢውን ድርሻዬን ለጎረቤታችን ለጎሚስታው ሸጬ ወደ ሚስቴ አገር እሄዳለሁ። ጉድጓዱን ሞልቶ ጎማ ይከምርበት።"

ይሄ ሁሉ ስለ እምነቴ ነው። እኔ ግን እወደዋለሁ። የሚጠሉንን እንድንወድ ታዘናል። እወደዋለሁ፣ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 14

ልጄ ቸኩላለች። ባጭሩ።

ወንድሜ ስም አወጣልኝ። ከጎሚስታው በር ቆሞ ሳልፍ፣ "መንገድ ልቀቁ፣ ነቢዩ እያለፈ ነው!" አለ። ጎሚስታው ሳቀ። ጋሼ ይለኝ የነበረ አፍ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 16

ሰፈሩ ሁሉ ነቢዩ ይለኛል። ጎሚስታው "ነቢዩ፣ ነገ ዝናብ አለ እንዴ? ጎማዎቹን ውጪ ላሳድር?" አለኝ።

"ጎርፍ ጎማህንም አንተንም ይውሰድህ" አልኩት። ወዲያው ቆጨኝ። ተመለስኩና "ጌታ ይባርክህ" አልኩት።

"አባት፣ ከእርግማኑ ይሄኛው አስፈራኝ" አለ።

ልጄ ለምን ነቢዩ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። የጸሎት ሰው ስለሆንኩ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ጻፈች።

እሁድ፣ ሰኔ 19

ሰባኪው ዛሬ ፍቅር በእጅ ይሠራል እንጂ በአፍ አይወራም ብሎ ሰበከ። እኔ ቀድሜው ነበር። ትናንት ሠርቼዋለሁ።

የወንድሜ ጣሪያ በመኝታ ቤቱ በኩል ያፈሳል፤ ከካቻምና ጀምሮ አውቃለሁ። መሰላል፣ አንድ ቆርቆሮና ምስማር ይዤ ሄድኩ። አልጠራሁትም፣ አላስፈቀድኩም። ደግ ለማድረግ ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ? ሰባ አንድ ዓመቴን ይዤ ወጣሁና መምታት ጀመርኩ። በሦስተኛው ምስማር ወጣ።

"ውረድ!"

"ያፈሳል።"

"ይፍሰስ! ማን ጠራህ? ውረድ!"

ከላይ ሆኜ "ስማ፣ ያደረግኸኝን ሁሉ ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። መሰላሉን አነሳ፣ ይዞት ገባ።

ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ላይ እንደ ቁራ ተቀመጥኩ። ጎሚስታው ከመንገድ ማዶ "ነቢዩ፣ ወደ ሰማይ እየሄድክ ነው ወይስ እየመጣህ?" እያለ ሲስቅ ሰማሁት። ኋላ የወንድሜ ሚስት መሰላሉን በጓሮ በኩል አምጥታ አቆመችልኝ። "ጋሼ፣ እባክዎ ይሂዱ" አለች።

ይሄ ይነበብ። ደግ ሠርቶ እንዲህ መዋረድ ምን እንደሆነ ጉባኤው ይስማ።

ልጄ ሳትጽፍ ቆየች። "ምነው?" ብላት "አንተ ነህ ይቅር ባዩ?" አለችኝ። "ታዲያ ማን ይሁን?" አልኩ።

አርብ፣ ሰኔ 24

ጉልበቴን አሞኛል። የጣሪያው ነው። ሥራ የለም። ግንድ ይዞ የመጣ ሰው መጋዙን አይቶ ተመለሰ።

እሁድ፣ ሐምሌ 3

ዛሬ ጸሎት ቤት ድረስ መጣ።

መዝሙር ላይ ነበርን። በሩ ተከፈተ፣ ወንድሜ ደፉ ላይ ቆመ። ውሃ ከላዩ ይንጠባጠባል። አልገባም። "መካከላችሁ ያለውን ነቢይ ጠይቁት!" ብሎ ጮኸ። "ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ምን እንዳለኝ ጠይቁት!"

መዝሙሩ ተቋረጠ። ሁለት ጎረምሶች ሊይዙት ተነሱ። እኔ ቆምኩና ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ፣ "ተዉት፤ ወንድሜ ነው። ቢሰድበኝም እወደዋለሁ" አልኩ።

"አትውደደኝ!" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "በሞቴ፣ አትውደደኝ። የአንተ መውደድ ይብቃኝ።"

ሄደ። ውሃው ብቻ ደፉ ላይ ቀረ።

ሰው ሁሉ መጥቶ አቀፈኝ። አንዲት እናት እንባዋን እየጠረገች "እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው" አለችኝ። ሰባኪው ወደ ጥግ ወሰድ አድርጎ "ምን ብለኸው ነው?" አለኝ። "የጸሎት ነገር ነው" አልኩት። "በርታ" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምሳ አልበላሁም። የጉልበቴ ሕመም ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። ከአፋፉ ቆሜ ባልዲ በገመድ እያወረድኩ ቀዳሁ። እንጨቱ አብጦ መጋዙን ነክሶታል። ስንጥቁ እንዳይዘጋ ሽብልቅ መታሁበት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ባልዲው አንዴ ወድቆብኝ ገብቼ ላወጣው አሰብኩ። ታች ወርጄ አላውቅም። በአርባ ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልወረድኩም። በሜንጦ አወጣሁት።

እሁድ፣ ሐምሌ 10

የወንድሜ ሚስት መጣች። ጥቁር ልብሷ ሰፍቷታል፤ ልጄ ላጥብብልሽ አለቻት፣ እምቢ አለች። ተቀመጪ ብላት ቆማ ነው የተናገረችው።

"ጋሼ፣ ሰውየው አይተኛም። በልጁ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያነጋል። ተኛ ስለው፣ 'አንዴ ተኝቼ ምን እንዳገኘሁ አየሽ' ይለኛል። እርስዎ ሂድ ባይሉት እኮ አይሄድም ነበር። እኔ ከእርስዎ የምጣላበት ነገር የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፤ እባክዎ ይቅር ብዬሃለሁ አይበሉት። እሱን አይበሉት።"

ሄደች።

ይሄን አትጻፊ አልኳት ልጄን። ጻፈችው። የማላነብ ስለሆንኩ ነው የናቀችኝ። ብዕሩ ግን ሲጭር ይሰማኛል።

እሁድ፣ ሐምሌ 17

ሰባኪው ነሐሴ አንድ እሁድ ማንበብ ይጀመር አለ። ልጄ እስካሁን የተጻፈውን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበች።

ዛሬ ሌላ አላስጽፍም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 26

ዘጠኝ ቀን አልመጣችም። ዛሬ እኔ ሱቋ ሄድኩ። ይሄን የምትጽፈው የስፌት መኪናዋ ላይ ነው፤ የሰው ቀሚስ ገፋ አድርጋ ደብተሩን ዘረጋች። ደንበኛ ከመጣ እናቆማለን።

ያን እሁድ የሆነውን ልናገር። አንብባ ስትጨርስ፣ ሌላ አላስጽፍም ያልኩትን ጽፋ ደብተሩን ዘጋችና፣ "አባዬ፣ ይሄ ሲነበብ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሆስፒታል ምን አልከው?" አለችኝ።

"ጻፊ እንጂ አትጠይቂ።"

"የምጽፈውን መቼ ሰጠኸኝ! የእሱን ስድብ፣ የእሱን መሰላል፣ የእሱን ጩኸት ጻፍኩልህ። አንተ የት ነህ? እኔም እኮ ከልጁ ጋር አንድ ትሪ ላይ ነው ያደግኩት።" ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ዘጠኝ ቀን ብቻዬን ተቀመጥኩ። የራሴን ቃል በእሷ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስናገረው ትክክል ነበር። ሲነበብ ግን የሆነ ትዕቢተኛ ሽማግሌ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ሰማሁ። ታዲያ ያ ሽማግሌ ማነው? አላውቀውም ልል አልችልም።

እንግዲህ ጻፊ፣ አሁን ሁሉንም።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ወንድሜ ከልጁ አልጋ አጠገብ ሦስት ቀን ዓይኑን አልከደነም። እኔ ውጪ ከግንቡ ሥር ስጸልይ ቆየሁ። ደረቴን ሞቀኝ፣ እንባዬ መጣ። ገባሁና ኮሪደሩ ላይ ጠራሁት። "ሂድ፣ ቤትህ ተኛ። ልጁ ነገ በእግሩ ይወጣል። ጌታ ነግሮኛል" አልኩት።

አየኝ። "እርግጠኛ ነህ ጋሼ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ነገ ደግሞ ከእኔ ጋር ትንበረከካለህ።"

ሄደ። አምኖኝ ሄደ። ጌታን ሳይሆን እኔን ነው ያመነው።

ጌታ ነግሮኝ ነበር? አልነገረኝም። ፈለግኩ እንጂ። ፈልጌው፣ ፈልጌው፣ የነገረኝ መሰለኝ። ከዚህ የሚብሰውን ልጨምር፤ ልጁ እንዲድን ብቻ አልነበረም የፈለግኩት። ልጁ ድኖ ወንድሜ ሲሸነፍ ማየት ፈልጌ ነበር።

ልጁ ሳይነጋ ሞተ። አጠገቡ እኔ ነበርኩ። አባቱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ እኔ ተቀምጬ ነበር። ነቅቶ "አባባ የት ሄደ?" አለ። "ይመጣል" አልኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠየቀ። "ይመጣል" አልኩት።

ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

ልጄ ብዕሩን አላስቀመጠችም። እያለቀሰች ጻፈች። ደንበኛ መጣች፣ ልጄን አይታ ነገ እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 28

ሰባኪው ደብተሩን ሊወስድ መጣ። ልጄ የማክሰኞውን አነበበችለት። ጥሩ ሰው ነው፣ ፊቱ ልውጥውጥ አለ።

"ይሄኛው ገጽ ሰው ያሰናክላል" አለ። "እሱን ዘለን ሌላውን እናንብብ።"

"ያልሆንኩትን ሰው ልታነቡ ነው? ያ ገጽ ካልተነበበ ሌላውም አይነበብ።"

"ታዲያ ደብተሩ ለምን ይቀጥላል?"

"ልጄ ካልጻፈች እዋሻለሁ" አልኩት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 2

ትናንት ወንድሜ በር ሄድኩ። ምንም አልያዝኩም፤ መሰላልም፣ ቆርቆሮም የለም። አንኳኳሁ። ሲከፍት ደጅ ቆምኩ።

"ሆስፒታል ያልኩህን ጌታ አልነገረኝም" አልኩት። "ከራሴ ነው። በስሙ ዋሸሁብህ። ልጅህ አጠገብ የመሆን ተራህን ወሰድኩብህ። ይቅር በለኝ ልልህ መጣሁ፣ ይቅር ልልህ አይደለም።"

ሌሊቱን ስለማመደው ነው ያደርኩት።

ወንድሜ የበሩን ጠርዝ ይዞ ቆመ። ጣቶቹ ነጡ። "ጨረስክ?" አለ።

"ጨረስኩ።"

በሩን ዘጋ። በኃይል አይደለም። ቀስ ብሎ።

እሁድ፣ ነሐሴ 8

ምንም የለም። ሦስት ጊዜ ልሄድ ተነስቼ ተቀመጥኩ። እንደገና ሄጄ ባስረዳው፣ ትንሽ ባብራራለት እያልኩ። ልጄ "ተወው አባዬ። የአንተን ተናገርክ፣ የእሱን ለእሱ ተውለት" አለች።

ድሮ ስጸልይለት ጌታን "እንዲህ አድርገው፣ እንዲያ አድርገው" ብዬ አዘዝ ነበር። አሁን ስሙን ብቻ ነው የምጠራው። ከዚያ በላይ አላውቅም።

ጎሚስታው ዛሬ ነቢዩ ብሎ ጠራኝ። "አይደለሁም" አልኩት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 18

ዓይኔ ቀልቷል፣ አብጧል። ልጄ በጨው ውሃ እያጠበችልኝ ነው የማስጽፋት። በአንድ እጇ ትጽፋለች። እንዲህ የሆንኩት ትናንት ነው።

ጠዋት ግንዱ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ እየጠረግሁ ሳለ ወንድሜ በግቢው በር ገባ። እጀታውን በብብቱ ይዟል። ከስቷል። ሰላም አላለኝም።

"ጎሚስታው ነገ ለክቶ ይረከባል። ግንዱ እንዲህ ሆኖ ለማገዶ እንዲሄድ አልፈልግም" አለ። "እንጨርሰውና ልሂድ።"

"እሺ።"

ወደ ጉድጓዱ መሰላል ሄደ። ቀደምኩት። መሰላሉን ይዤ አንድ እግሬን አወረድኩ።

"ምን ልትሠራ ነው?"

"ልወርድ ነዋ።"

"ጉልበትህስ? አትችልም። ታች ሠርተህ አታውቅም።"

"ታሳየኛለህ።"

ቆመ፣ አየኝ። ከዚያ እጀታውን አቀበለኝ፣ ሽብልቁ እንዴት እንደሚገባ በጣቱ አሳየኝ። አርባ ሦስት ዓመት የኖርኩበትን መጋዝ እንደ ጀማሪ ተማርኩ። እሱ ግንዱ ላይ ወጣ።

ታች ጭቃ ነው። ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ከትከሻዬ ከፍታ ላይ ድንጋይ ተፍቆ እንደ መደርደሪያ ሆኗል፤ የሱ የውሃ ጣሳ መቀመጫ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ቀና ስል ሰማዩ አንድ ስንዝር ነው፣ የቀረው ሁሉ ግንድ ነው።

ሳብኩ። ሰጋቱራው ዓይኔ ውስጥ ወረደ፣ አፌ ውስጥ፣ አንገቴ ውስጥ። በአስረኛው መሳብ ትንፋሼ አለቀ። እሱ ከላይ አልገፋም። አንዴም አልገፋም። መጋዙን ያነሳልኛል፣ ይጠብቀኛል።

"መስመሩን ይዘናል?" አልኩት።

"ከዚያ መስመሩ አይታይም" አለ። "እኔም አይቼው አላውቅም። አንተ ቀጥ ብሏል ስትለኝ እስብ ነበር።"

ሳብኩ።

አንድ ክንድ ያህል ሲቀር መጋዙ ቆመ። ድምፁ ከላይ መጣ፣ ፊቱ አይታየኝም።

"ልጄ ጠርቶኝ ነበር?"

አልጠራህም፣ በሰላም ተኝቶ ሄደ ልለው አፌ ላይ ነበር። ይሻለዋል ብዬ። እንደዚያኛው ቀን፣ ይሻለዋል ብዬ።

"ጠርቶሃል" አልኩ። "ሁለት ጊዜ።"

"ምን አልከው?"

"ይመጣል አልኩት።"

ከላይ አንድ ነገር ፊቴ ላይ ጠብ አለ። ዝናብ አልነበረም። ስለ ጌታ አልነገርኩትም፣ ስለ ሰማይ ቤት አልነገርኩትም። እጀታውን እንደያዝኩ ታች ቆምኩ።

በመጨረሻ መጋዙ ወደ ላይ ሄደ። ተራዬ ነበር፣ ሳብኩ።

ሲሰነጠቅ የግንዱ ሁለት ገጽ ደረቅ ነበር፣ ውስጡ ዝናቡ አልደረሰበትም። ሳንቃዎቹን አየር እንዲገባቸው እንጨት እያስገባን ደረደርን። የበር እንጨት ለመሆን የራሳቸው እርጥበት እስኪወጣ ዓመት ይፈልጋሉ። ከዓመት በኋላ ማን እንደሚወስዳቸው አልተነጋገርንም።

ስወጣ መሰላሉ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ክንዴን ይዞ አወጣኝ። "ዓይንህን አትሸው" አለ፣ "ያቆስልሃል። በጨው ውሃ ይታጠባል።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። አልጠየቅኩትም።

እሁድ፣ ነሐሴ 22

ዛሬ ሄዱ። ጸሎት ቤት አልሄድኩም፣ መናኸሪያ ሄድኩ። ልጄም ሱቋ ውስጥ የሰፋችውን የመንገድ ቦርሳ ይዛ መጣች። የወንድሜ ሚስት አቅፋት ብዙ ቆየች።

ወንድሜ ከአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ እኮ አላመንኩም" አለኝ። "እንዳታስብ።"

"አውቃለሁ።"

"ስሜን ግን እንዳትተው፣ ስትጸልይ" አለ። መስኮቱን መልሶ ዘጋ።

ከመናኸሪያ ቀጥታ ወደ ግቢው ሄድኩ። ጎሚስታው በእሱ ድርሻ ላይ ጎማ መደርደር ጀምሯል። ሲለካ ጉድጓዱ በእኔ በኩል ስለቀረ አልተሞላም። መጋዙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠጋ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት፣ ዓይኔ ገና አልጠራም። የታችኛው እጀታ አለ፣ የእሱ እጀታ፣ ሽብልቁ ጠበቅ ብሎ ተመትቷል። የላይኛው ግን የለም። ወንድሜ ብሎኑን ፈትቶ የእኔን እጀታ ይዞት ሄዷል።

ልጄ "ይሄን ምን ብዬ ልጻፈው?" አለችኝ።

እንዳለ ጻፊው አልኳት።